ለጡረታዬ የትኛዋን ልግዛ? ፈረሷን ወይስ መርከቧን?

ለዚህ አምድ የሚደርሰኝ ደብዳቤ አብዛኛው "ወደድኳት፣ ጠላችኝ"፣ "ቃል ገብቶልኝ ነበር፣ ውጭ ሄዶ ረሳኝ" የሚል መሆኑን ታውቃላችሁ። የዛሬው ግን ለየት ይላል። ደብዳቤው የመጣው ከባሕር ማዶ፣ ከአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት ነው። ጸሐፊው የ67 ዓመት አባት ናቸው። እሳቸውንም ፍቅር ይዟቸዋል። ያውም የሁለት! ብቻ አትደንግጡ፤ ሁለቱም መኪኖች ናቸው።

ደብዳቤው ረዘም ስለሚል አሳጥሬ አቀርበዋለሁ። "ሽማግሌው ምን ነካቸው?" ብላችሁ ከመሳቃችሁ በፊት እስከ መጨረሻው አንብቡት። እኔም መጀመሪያ ላይ ስቄ ነበር። ሁለተኛውን ገጽ ስገልጥ ግን ሳቄ ጠፋ።

"ውድ አዘጋጅ፤ በዕድሜ ሳልበልጥህ ስለማልቀር አንተ ብልህ ቅር አይበልህ። በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል ወጥቼ አሜሪካ ከገባሁ በኋላ ያልሞከርኩት ሥራ የለም። በመጨረሻ ዋሽንግተን ከተማ፣ አንድ ትልቅ ሕንጻ ሥር ያለ የመኪና ማቆሚያ ተቀጠርኩና እዚያው 29 ዓመት አረጀሁ። ሥራዬ የሰው መኪና ተቀብሎ ምድር ቤት ወርዶ ማቆም፣ ባለቤቱ ሲመጣ አውጥቶ ማስረከብ ነበር። ያልነዳሁት የመኪና ዓይነት የለም ብል አልዋሸሁም። ፖርሽ በለው፣ ፌራሪ በለው፣ ሁሉም በእጄ አልፏል። ግን ሁሉንም የነዳሁት ከመንገዱ እስከ ምድር ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ነው። በ29 ዓመት ውስጥ በእነዚያ መኪኖች ከሁለተኛ ማርሽ ወጥቼ አላውቅም።

"ዘንድሮ ጡረታ ወጣሁ። የቤታችን ዕዳ አልቋል። ሦስቱ ልጆቻችን ተምረው ራሳቸውን ችለዋል። ከደረጃ መውጣትና መውረድ ብዛት ግራ ጉልበቴን ትንሽ ያመኛል እንጂ ጤናዬ ደህና ነው። ለክፉ ቀን የተቀመጠው ሳይነካ፣ ለራሴ ብዬ ለብቻው ያጠራቀምኩት 70 ሺህ ዶላር አለኝ። በዚህ ባጠራቀምኩት ገንዘብ የስፖርት መኪና መግዛት እፈልጋለሁ። ዝም ብላ የስፖርት መኪና ሳትሆን ሞዲፋይ የተደረገች። አንደኛዋ የ2018 ፎርድ ሙስታንግ ናት፤ ሩሽ የሚባለው ኩባንያ ያሻሻላት፣ 'ስቴጅ ስሪ' የሚሏት፣ ቀይ፣ በእጅ የሚቀየር ማርሽ ያላት። 52 ሺህ ዶላር ይሏታል። ሁለተኛዋ የ2015 ሸቭሮሌት ኮርቬት ናት፤ ካላዌይ የሚባለው የሠራት፣ ግራጫ፣ አውቶማቲክ። ለሷ 61 ሺህ ይላሉ። ሁለቱንም ሄጄ ዳበስኳቸው እንጂ አልነዳኋቸውም። ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ።

"ባለቤቴ 'በዚህ ዕድሜህ ቀይ መኪና! ሰው ምን ይለናል? አዲስ አበባ ትንሽ አፓርትማ እንግዛበት' ብላ ካኮረፈች ሳምንቷ ነው። ሌሊት ሌሊት ሆስፒታል እየሠራች ልጆቹን ያሳደገች ሴት ናት፤ ላስቀይማት አልፈልግም። ወንድ ልጄ 'ባንክ ይቀመጥ፣ ይወልዳል' ይለኛል። ታናሽ ወንድሜ ከአዲስ አበባ እየደወለ 'ሚኒባስ ግዛልኝና ሠርቼ እመልስልሃለሁ' ይላል። ትንሿ ልጄ ግን ምንም አላለችም፤ ሳቀች። ከሁሉም ያመመኝ የእሷ ሳቅ ነው። 29 ዓመት ሙሉ ያጠራቀምኩት ለዚህ ካልሆነ ለምን ሊሆን ነው? እስቲ አንተ ፍረድ። ሙስታንጓን ልግዛ ወይስ ኮርቬቷን? ደግሞስ ከሁለት ዓመት በኋላ ጠቅልዬ ስገባ ይዣት ልመጣ እችላለሁ?

ከሁለተኛ ማርሽ ያልወጣው፤ ከቨርጂኒያ"

ከሁሉ በፊት የራሴን ጉድ ላውጣ

ጋሼ፣ መካሪዎ ከመሆኔ በፊት የተቃጠልኩ ሰው መሆኔን ይወቁልኝ። የ24 ዓመት ጎረምሳ ሳለሁ ደመወዜንና የታላቅ ወንድሜን ብድር ቀላቅዬ ቶዮታ ዲኤክስ ገዛሁ። እንደ ሰው እየነዳሁ መኖር ስችል ሞዲፋይ አማረኝ። ሰፈራችን ያለ አንድ መካኒክ (ስሙን ተዉት፤ ዛሬም በሰላም እየኖረ ነው) "እንድትበር አደርግልሃለሁ" አለኝ። ኮምፕሬሽኗ እንዲጨምር ቴስታዋን አስላጨሁ። ዝቅ እንድትል ሞላዋን አስቆረጥኩ። ማርሚታዋን አውጥቼ ቀጥ ያለ ቱቦ አስገጠምኩ። ድምጿ ሰፈሩን ሲያናውጥ እኔ ጀግና የሆንኩ መሰለኝ።

ሦስት ወር አልቆየም። ደብረ ዘይት መንገድ ላይ፣ ዱከም ሳንደርስ፣ የቴስታ ጓርኒሲዮኗ ተቃጠለና በእንፋሎት ታጥነን ቆምን። ጎትቼ አመጣኋት። ልሸጣት ስል ደላላው ያመጣው ገዢ ኮፈኗን ከፍቶ አያትና "እኔ የምፈልገው ያልተነካ ዲኤክስ ነው፤ ይቺ ተነካክታለች" ብሎ ሄደ። በመጨረሻ ከገዛሁበት በታች፣ ያወጣሁበትንም ሳልቆጥር ሸጥኳት። የወንድሜን ብድር ከፍዬ የጨረስኩት መኪናዋ ከሄደች ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

ያን ጊዜ የተማርኩት አንድ ነገር ነው። ሞዲፋይ የተደረገ መኪና ሲያዩ መጀመሪያ የሚጠይቁት "ስንት ትሮጣለች?" ብለው ሳይሆን "ማን ነካት?" ብለው ነው።

ለመሆኑ ማን ነካት?

በዚህ በኩል ጋሼ ዕድለኛ ነዎት። ሁለቱም መኪኖች የነኳቸው የታወቁ እጆች ናቸው። ለወጣት አንባቢዎቼ ትንሽ ላብራራ። ቦሌ ላይ ስታልፍ አንገታችሁን የምታዞሩላት፣ ኋላዋ ላይ "ኤኤምጂ" የተጻፈባት መርሴዲስ አለች አይደል? ኤኤምጂ እኮ መነሻው እንዲህ ዓይነት አሻሻይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ሃንስ ቬርነር አውፍሬኽትና ኤርሃርድ ሜልኸር የሚባሉ ሁለት ጀርመናውያን መሐንዲሶች አቋቋሙት። በ1971 ቤልጂየም ስፓ ላይ በተደረገው የ24 ሰዓት ውድድር አንዲት ግዙፍ የቤት መርሴዲስ አሻሽለው አቀረቡና ሁለተኛ ወጡ። ቆይቶ መርሴዲስ ራሱ ጠቅልሎ ገዛቸው።

በአሜሪካም እንደዚሁ ነው። የዚህ ሙያ አባት የሚባለው ካሮል ሼልቢ በ1959 የፈረንሳዩን የለማን ውድድር ካሸነፈ በኋላ፣ በሚቀጥለው ዓመት በልብ ሕመም ምክንያት ውድድር ለማቆም ተገደደ። ጡረታ ወጣ እንበል። ስሙን ያስጠሩትን መኪኖች የሠራው ግን ከዚያ በኋላ ነው። ጂቲ 350 የተባለችው የሼልቢ ሙስታንግ የወጣችው በ1965 ነው። ያ ልቡ የታመመ ሰው እስከ 2012 ኖሮ በ89 ዓመቱ አረፈ። (ጋሼ፣ ይህን ለባለቤትዎ ይንገሩልኝ!)

የእርስዎን ሙስታንግ የነካት ጃክ ሩሽ ደግሞ በወጣትነቱ ፎርድ ኩባንያ ውስጥ የሠራ፣ በኋላም የውድድር ቡድን ባለቤት የሆነ ሰው ነው። ሩሽ ፐርፎርማንስን ሚቺጋን ውስጥ ያቋቋመው በ1995 ነው። ኮርቬቷን የነካት ካላዌይ ከ1977 ጀምሮ ኮኔቲከት ውስጥ በዚህ ሥራ ላይ ያለ ድርጅት ነው። ከ1987 እስከ 1991 ድረስ ሰው ሸቭሮሌት መሸጫ ገብቶ "የካላዌይ ይሁንልኝ" ብሎ ሁለት ቱርቦ የተገጠመላት ኮርቬት ማዘዝ ይችል ነበር። በ1988 የሠሯት አንዲት ኮርቬት ኦሃዮ ውስጥ በሰዓት ወደ 410 ኪሎ ሜትር ሮጣለች። እኔን የገረመኝ ፍጥነቷ አይደለም። ከኮኔቲከት ኦሃዮ ድረስ በጭነት ሳይሆን በራሷ ጎማ ሄዳ፣ ሮጣ፣ በራሷ ጎማ መመለሷ ነው። መሥራቹ ሪቭስ ካላዌይ በ2023 አርፏል።

እንግዲህ እነዚህ የእኔ ሰፈር መካኒክ አይደሉም። ነገር ግን ጋሼ፣ ተጠንቀቁ! ሩሽ ሙሉ መኪና ሠርቶ እንደሚሸጥ ሁሉ ዕቃውን ለብቻውም ይሸጣል። አንዱ ጎረምሳ ዕቃውን ገዝቶ፣ ጓዳው ውስጥ ገጥሞ፣ ምልክቱን ለጥፎ "የሩሽ ናት" ሊልዎት ይችላል። እውነተኛዋ የራሷ ተከታታይ ቁጥር ያለው ሰሌዳ አላት። ያንን ቁጥርና የሻንሲ ቁጥሯን ይጻፉና ለድርጅቱ ራሱ ደውለው ይጠይቁ። ለካላዌይም እንደዚሁ። ሻጩ "ምን አጠራጠረዎት?" ብሎ ከተቆጣ መልሱን አገኙ ማለት ነው፤ ባርኔጣዎን አንስተው ይውጡ።

ዘጠኝ ዲኤክስ በአንድ ኮፈን ውስጥ

አሁን ወደ ጉልበቱ እንምጣ። ሙስታንጓ ባለ 5 ሊትር ስምንት ሲሊንደር ሞተር ናት። ከፋብሪካ ስትወጣ 460 የፈረስ ጉልበት ነበራት፤ ሩሽ ከነካት በኋላ ከ700 በላይ ሆነ። ኮርቬቷ ባለ 6.2 ሊትር ናት። በፋብሪካ 455 የነበረውን ካላዌይ 627 አድርሶታል። የእኔ ዲኤክስ (ነፍሷን ይማርና) 80 እንኳ አትሞላም ነበር። ጋሼ ሊገዙ ያሰቡት ዘጠኝ ዲኤክስ በአንድ ኮፈን ሥር ነው!

ይህ ሁሉ ጉልበት ከየት መጣ? ሱፐርቻርጀር ከሚባል ዕቃ ነው። ሞተሩ በቺንጋ የሚያዞረው የአየር ፓምፕ ማለት ነው። አየር ጨምቆ ወደ ሲሊንደሩ ይከታል። አየር ሲበዛ ቤንዚን ይበዛል፤ ሁለቱ ሲበዙ ፍንዳታው ይበረታል። ግን ነፃ ምሳ የለም። አየር ሲጨመቅ ይግላል፤ ሞተሩም ይግላል። ስለዚህ ማቀዝቀዣው፣ ዘይቱ፣ ቺንጋው፣ ካንዴላው ሁሉ ከተራ መኪና የበለጠ ክትትል ይፈልጋል። ቤንዚኑም ውድ የሆነው ፕሪሚየም ብቻ ነው። ርካሹን የቀዱ ዕለት ፒስቶኑን መዶሻ እየመቱት ነው ማለት ነው። የኋላ ጎማዎቹ ሰፋፊ ናቸው፤ እግርዎ ትንሽ ከከበደ ቶሎ ያልቃሉ።

ሌላም አለ። ሁለቱም መኪኖች የፋብሪካ ዋስትናቸው ጊዜው አልፏል። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት ሻጩ ያልመረጠው፣ እርስዎ የከፈሉት፣ ይህን ዓይነት ሞተር የሚያውቅ መካኒክ ይያት። ኢንሹራንስም ሲገቡ "ተራ ሙስታንግ" ተብላ እንዳትመዘገብ። ሞዲፋይ መሆኗን ይንገሩና ዋጋዋን አስቀድመው ተስማምተው በውሉ ላይ ያጽፉት። አለበለዚያ አደጋ ቢደርስ የሚከፍሉዎት የተራዋን ዋጋ ነው፤ ደብቀውም ከሆነ ጭራሽ ላይከፍሉዎት ይችላሉ። ቨርጂኒያ ደግሞ በመኪና ላይ በየዓመቱ ግብር እንደምታስከፍል ከእኔ የበለጠ ያውቁታል። ዋጋዋ ከፍ ሲል ግብሩም ከፍ ይላል።

የፈረስ ጉልበትና የጋሼ ጉልበት

ደብዳቤዎ ውስጥ በአንድ መስመር ያለፏት ነገር አለች፤ ግራ ጉልበትዎን። እኔ ግን እዚያ ላይ ቆምኩ። ግራ እግር እኮ የፍሪሲዮን እግር ነው። ሙስታንጓ በእጅ ማርሽ ናት። ዋሽንግተን መግቢያ ላይ መንገድ ሲጨናነቅ ፍሪሲዮን መርገጥና መልቀቅ የታመመ ጉልበት ምን ያህል እንደሚያስለቅስ መገመት አያቅተኝም።

"እንግዲያው አውቶማቲኳ ኮርቬት ትሻለኛለች" ሊሉኝ ነው። ቆይ! ኮርቬት ፍሪሲዮን ባይኖራትም መሬት ላይ የተነጠፈች ምንጣፍ ናት። ሲገቡ ይወድቁባታል፤ ሲወጡ ደግሞ ከበርጩማ ሳይሆን ከመሬት እንደመነሳት ነው። ያ ሁሉ ክብደት የሚያርፈው ያው ጉልበትዎ ላይ ነው። ደግሞም ሁለት ሰው ብቻ ነው የምትይዘው። ሙስታንግ ግን የኋላ ወንበር አላት። ጠባብ ነው፤ ትልቅ ሰው ሩቅ መንገድ አይሄድበትም። ለልጅ ልጅ ግን ይበቃል።

እስቲ ደግሞ ወደ ልብዎ እንምጣ። 29 ዓመት የጓጉት ለሦስተኛ ማርሽ ነው። አውቶማቲክ መኪና ሦስተኛውን ራሷ ታስገባለች፤ እርስዎ ተሳፋሪ ነዎት። ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። ከመግዛትዎ በፊት በእጅ ማርሽ የሆነች መኪና ይፈልጉና፣ ተከራይተውም ሆነ ከወዳጅ ተውሰው፣ ሦስት ቀን ይንዱ። በባዶ መንገድ ብቻ ሳይሆን በጭንቅንቁ ሰዓትም። ሦስተኛው ቀን ማታ ጉልበትዎ የሚነግርዎትን እኔ ከአዲስ አበባ ልነግርዎት አልችልም።

ፖሊስ ደግሞ አለ

ቨርጂኒያ በፍጥነት አትቀልድም። በሰዓት ከ85 ማይል (137 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው) በላይ የነዳ፣ ወይም ከተፈቀደው በ20 ማይል ያለፈ ሰው ቅጣቱ ተራ የትራፊክ ቅጣት አይደለም። ግዴለሽ አነዳድ ተብሎ በወንጀል ይከሰሳል። እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር መቀጮ ድረስ ሊያስፈርድ ይችላል። የእርስዎ ሙስታንግ ደግሞ በሁለተኛ ማርሽ ብቻ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ትሄዳለች! አዩ ጋሼ? 29 ዓመት ከሁለተኛ ማርሽ መውጣት ያማረው ሰው፣ በሁለተኛ ማርሽ ብቻ ሊታሰር የሚችልበት መኪና ሊገዛ ነው።

ለዚህም መላ አለው። ከእርስዎ ብዙም ሳይርቅ፣ ሼናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ በተራራው አናት ላይ የሚሄድ ስካይላይን ድራይቭ የሚባል መንገድ አለ። ርዝመቱ 105 ማይል ነው። የተፈቀደው ፍጥነት 35 ማይል፣ ማለትም ወደ 56 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ለ700 ፈረስ ስድብ ነው፤ ለሦስተኛ ማርሽ ግን ይበቃል። መስኮቱን ከፍተው፣ ዛፉን እያዩ፣ ድምጿን እየሰሙ... የተመኙት ይኸው አልነበር?

አዲስ አበባ ትምጣ?

አትምጣ! ይህን በአጭሩ ልዝጋው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል፤ በሩ የተከፈተው ለኤሌክትሪክ መኪና ነው። እንደው ቢፈቀድ እንኳ አይበጅዎትም። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሯ ስስ ነው። ተራ ሞተር እዚህ ሲመጣ የጉልበቱን ሩብ ያህል ያጣል፤ ሱፐርቻርጀር ያለውም ከጉዳቱ አያመልጥም። የሰፈራችንን የመንገድ ጉብታ ደግሞ የቆረጥኳት ዲኤክሴ ሆዷን እየፋቀች ስታልፈው አይቻለሁ፤ ኮርቬቷማ እዚያው ተንጠልጥላ ትቀራለች። ጠቅልለው ሲገቡ እዚያው ሸጠዋት ይምጡ። እዚያም ቢሆን ለማሻሻያው የወጣው ገንዘብ ሲሸጥ ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ሰነዷ የተሟላ የሩሽና የካላዌይ መኪና ግን ከማንም ሰፈር ሞዲፋይ የተሻለ ገዢ ያገኛል።

ያጠራቀምኩት ወይስ ያጠራቀምነው?

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ ደረስን። ጋሼ፣ ልጅዎ ነኝና አይቆጡኝ። ደብዳቤዎን ደግሜ አነበብኩት። ሦስት ቦታ ላይ "ያጠራቀምኩት" ብለዋል። "ያጠራቀምነው" ግን አንድም ቦታ የለም። ባለቤትዎ ሌሊት ሌሊት ሆስፒታል እየሠሩ ልጆቹን ካሳደጉ፣ የእሳቸው ደመወዝ ወተትና ደብተር፣ የቤት ዕዳና መብራት ሲከፍል አይደል የእርስዎ ገንዘብ ባንክ የተኛው? እሳቸውስ ለጡረታቸው የተመኙት ነገር ነበር? ጠይቀዋቸው ያውቃሉ? "አዲስ አበባ አፓርትማ" ያሉት እኮ ምናልባት ኩርፊያ ሳይሆን የእሳቸው ሦስተኛ ማርሽ ሊሆን ይችላል።

"ሰው ምን ይለናል" የሚለውን ግን አልቀበላቸውም። ሰው 29 ዓመት ምድር ቤት ሲውሉ ምንም አላለም፤ ዛሬም ዝም ይበል። ወንድ ልጅዎ "ባንክ ይቀመጥ" ማለቱ ከአሳቢነት ነው። በተለይ ሜዲኬር አብዛኛውን የጥርስ ሕክምናና መነጽር ስለማይሸፍን ለክፉ ቀን ያስቀመጡትን ፈጽሞ አይንኩ። ወንድምዎንም "ሚኒባሱ የኔ ጡረታ አይደለም" ይበሉት።

እናንተ ወጣቶች ደግሞ ስሙኝ። ውጭ ያለ ዘመድ ሲደውል "እንዴት ነህ?" ከማለታችን በፊት "ላክልኝ" የምንል ስንቶች ነን? የላከልን ዶላር እንዴት ተለቅሞ እንደመጣ፣ ምድር ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ የጭስ ማውጫ እየሸተተ እንደተገኘ አስበን እናውቃለን? ትንሿ ልጃቸውም ይህን ጋዜጣ የምታነብ ከሆነ አንድ ነገር ልንገራት። አባትሽ ላንቺ ሊነግሩሽ ያፈሩትን ነገር ለማያውቁት ሰው ጽፈዋል። ደውዪላቸው፤ "መቼ ነው የምትነዳኝ?" በያቸው።

እንግዲህ ፍርዴ

ጋሼ፣ ፍረድ ብለውኛልና ልፍረድ። 70ውን ሺህ በወረቀት ላይ ለሁለት ይክፈሉት። 35 የእርስዎ፣ 35 የባለቤትዎ። ከዚያ አጠገባቸው ተቀምጠው "ይህ ያንቺ ነው፤ ምን እናድርግበት?" ይበሏቸው። መልሳቸውንም ሳያቋርጡ ያዳምጡ።

"ድርሻዬን ለአፓርትማው" ካሉ የእርስዎ ድርሻ ሩሽንም ካላዌይንም አይገዛም። ግን አይዘኑ! በዚያ ገንዘብ የዚያው ዘመን ያልተነካች ሙስታንግ ጂቲ ማግኘት ይቻላል። 460 የፈረስ ጉልበት፣ ያው ስምንት ሲሊንደር፣ ያው ሦስተኛ ማርሽ። ከዚህ በላይ ያለውን 250 ፈረስ የቨርጂኒያ ፖሊስ እንጂ ማንም አያይልዎትም። እውነቱን ከጠየቁኝ እኔ የምመርጥልዎት ይቺን ነው።

ባለቤትዎ ስቀው "ይሁን፣ ግዛ" ካሉ ደግሞ፣ ከሁለቱ ፈረሷን ይምረጡ። ማርሿን በእጅዎ ያስገባሉና፣ ለልጅ ልጅ ቦታ አላትና፣ ሲወርዱም ጉልበትዎን ከኮርቬቷ ያነሰ ትፈትናለችና። ግን ሰነዷ ተጣርቶ፣ በመካኒክ ታይታ፣ ዋጋዋ ከ50 ሺህ በታች ወርዶ፣ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ወጪዋ 10 ሺህ ተቀምጦ ነው። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ይለፏት። ኮርቬቷን፣ ያቺን መርከብ፣ ጉልበቱ ጤነኛ ለሆነ ሰው ይተዉለት።

ጉልበትዎ ሦስቱን ቀን አልችል ካለ ደግሞ አያፍሩ። አውቶማቲክ የሆነች ያልተነካች ሙስታንግ ይግዙና ማርሹን ለእሷ ይተዉት። መሪው የእርስዎ ነው፤ መንገዱም ወደ ምድር ቤት አይወርድም።

አንድ አደራ ብቻ አለብኝ። የትኛዋንም ቢገዙ፣ በመጀመሪያው ቀን ቁልፉን ይዘው ብቻዎን እንዳይወጡ። በሩን ለባለቤትዎ ይክፈቱላቸው። ለሰው ሲከፍቱ የኖሩት በር ነውና አያቅትዎትም። ከዚያ ሦስተኛውን ሲያስገቡ ምን እንደተሰማዎት ይጻፉልኝ፤ እዚሁ አምድ ላይ አወጣዋለሁ።

ሳምንት በሌላ ደብዳቤ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!